ከወሕይ በፊት የነበረ ቃል ኪዳን፦ ያለ ሃይማኖት መልካም መሆን ይቻላልን?



ሰሞኑን አንድ ወጣት ወንድማችን በውስጥ መስመር የላከልንን ጥያቄ ደጋግመን አነበብነው። ወንድማችን በአንድ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። አሠሪው በሰፈራቸው የተከበሩ፣ ሐጅ ያደረጉ፣ ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፉ ሰው ናቸው። የሦስት ወር ደሞዙን ግን አልሰጡትም። በጠየቃቸው ቁጥር "ሶብር አድርግ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው" ይሉታል። የቤት ኪራይ ቀኑ ደርሶ ሲጨንቀው ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው አብሮት የሚበይደው ልጅ ነው። ይህ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ሃይማኖት እንደማያምን በግልጽ ይናገራል። ብሩን ሲሰጠው "ስታገኝ ትመልስልኛለህ" ከማለት ውጭ አንድ ቃል አልጨመረም። ወንድማችን መልእክቱን የጨረሰው "ዲን ሰውን መልካም የሚያደርግ ከሆነ ይህ ነገር እንዴት ተገለበጠ?" ብሎ ነው።

ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ በመሥሪያ ቤት፣ በየካፌው ስንቀመጥ የሚነሳ ነው። ሁለት የችኮላ መልሶችም አሉት። አንደኛው "ያለ ሃይማኖት ሥነ ምግባር ብሎ ነገር የለም፤ የልጁ ደግነት የይምሰል ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው "ዋናው ልብ ነው፤ ሰላትና ጾም ምን ያደርጋሉ?" የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ሰውየውን ከጭንቀቱ ይገላግሉት ይሆናል፤ ታሪካችን ግን ሁለቱንም አይደግፍም። ዛሬ ወደዚያ ታሪክ እንሂድ።

በአቡ ቁበይስ ተራራ ላይ የጮኸው ሰው

ዘመኑ ወሕይ ከመውረዱ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. 590 አካባቢ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ቁረይሾች "ሐርቡል ፊጃር" ከተባለው ጦርነት በቅርቡ ተመልሰዋል። በዚያን ጊዜ ከየመን ዙበይድ የሆነ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ መካ ገባ። ሸቀጡን የገዛው አል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል አስ-ሰህሚ የተባለ ባለ ሀብትና ባለ ሥልጣን ነው። ዕቃውን ተረከበ፤ ዋጋውን ግን ከለከለ።

ነጋዴው እንግዳ ነው፤ መካ ውስጥ የሚከራከርለት ጎሳ የለውም። በዚያ ዘመን ጎሳ የሌለው ሰው ዛሬ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ዘመድም እንደሌለው ሰው ማለት ነው። በመጀመሪያ "አሕላፍ" ወደሚባሉት የአል-ዓስ አጋር ጎሳዎች ሄደ። አልረዱትም፤ ይባስ ብለው ተቆጡት። ተስፋ ሲቆርጥ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በግጥም ጮኸ።

ጩኸቱን ሰምቶ ከተቀመጠበት የተነሳው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት አዝ-ዙበይር ኢብኑ ዐብዱል ሙጦሊብ ነው። በኑ ሃሺም፣ በኑል ሙጦሊብ፣ በኑ አሰድ፣ በኑ ዙህራና በኑ ተይም በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ። ባለቤቱ ምግብ አቀረበላቸው። በመካ ውስጥ ማንም ሰው፣ የአገሩ ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ተበድሎ ቢያገኙት መብቱ እስኪመለስለት ድረስ ከበዳዩ በተቃራኒ ከእሱ ጎን ሊቆሙ ተማማሉ። ከዚያም ተነስተው ወደ አል-ዓስ ቤት ሄዱ፤ የነጋዴውን ሀብት አስመለሱ። ይህ ቃል ኪዳን "ሒልፉል ፉዱል" ይባላል።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? በዚያ ቤት መጽሐፍ የወረደለት ሰው አልነበረም። ሸሪዓ አልነበረም። እርግጥ የአላህን ስም ያውቃሉ፤ በዛሬው አነጋገር "ሃይማኖት የለሽ" ልንላቸው አንችልም። ነገር ግን ጣዖታት ያመልኩ ነበር፤ አብዛኞቹ ከሞት በኋላ መቀስቀስን አያምኑም። ስለዚህ ለዚያ የመናዊ የቆሙት ጀነት ይገኝበታል ብለው አይደለም፤ እሳትን ፈርተውም አይደለም። በደል ነውር እንደሆነ ስላወቁ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ስብሰባ ተገኝተዋል። ነቢይ ሆነው ከተላኩ በኋላም ያንን ቀን አላቃለሉትም። በዚያ ቤት መገኘታቸውን በአረቦች ዘንድ እጅግ ውድ በሆኑት ቀያይ ግመሎች እንኳ እንደማይለውጡት፣ በኢስላም ውስጥ ሆነውም በዚያ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚመልሱ ተናግረዋል። ይህን ልብ እንበል! ሙሽሪኮች የመሠረቱትን የፍትሕ ቃል ኪዳን "የእኔ ነው፤ ዛሬም ይመለከተኛል" አሉ።

ያው ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ

የአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ነገር እዚያ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ ኢስላም በመካ ሲጀመር ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) የተባለ አንጥረኛ ነበር። ኸባብ ድሃ፣ ጎሳ የማይከላከልለት፣ ከቀደምቶቹ ሙስሊሞች አንዱ ነው። ለአል-ዓስ ሰይፍ ሠራለት። ዋጋውን ሊቀበል ሲሄድ አል-ዓስ በሙሐመድ ካልካደ እንደማይከፍለው ነገረው። ኸባብም አል-ዓስ ሞቶ እስኪቀሰቀስ ድረስ እንደማይክድ መለሰለት። አል-ዓስ በዚህ ተሳለቀ፤ እንግዲያው ከሞት ስቀሰቀስ ሀብትና ልጅ ይኖረኛል፣ ያኔ እከፍልሃለሁ አለው። የሱረቱ መርየም ከ77 እስከ 80 ያሉት አንቀጾች የወረዱት በዚህ ምክንያት መሆኑን ቡኻሪ ዘግበዋል።

የብረት ሠራተኛ ደሞዝ የከለከለ ሰው ጉዳይ ቁርኣን ወርዶበታል ማለት ነው! ወንድማችን ሆይ፣ ያንተ የብየዳ ደሞዝ ጉዳይ በአላህ ዘንድ ተራ ነገር አይደለም።

ሳያምኑ የከበሩ ሰዎች

ሒልፉል ፉዱል ብቸኛው ምሳሌ አይደለም። አረቦች "ሙሩአ" የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ በእኛ አነጋገር ወገኛ ያልሆነ ጨዋነት፣ የሰውነት ክብር ማለት ነው። እንግዳን ማብላት፣ ቃልን መጠበቅ፣ የተጠጋን አለመስጠት፣ ውለታን አለመርሳት በሙሩአ ውስጥ ይገባሉ። የሲራ መጽሐፍት በዚህ የታወቁ ሰዎችን ስም ሳይሸሽጉ ይመዘግባሉ።

እ.ኤ.አ. ከ616 አካባቢ ጀምሮ ቁረይሾች በኑ ሃሺምንና በኑል ሙጦሊብን ለሦስት ዓመት ገደማ አገለሏቸው። ከእነሱ ጋር መገበያየትና መጋባት ተከለከለ። ውሉ ተጽፎ ካዕባ ውስጥ ተሰቀለ። የልጆች የረሃብ ለቅሶ ከሸለቆው ውጭ ይሰማ ነበር። ያንን ውል ያፈረሱት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ሂሻም ኢብኑ ዐምር፣ ዙሀይር ኢብኑ አቢ ኡመያ፣ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ፣ አቡል በኽተሪና ዘምዓ ኢብኑል አስወድ። በወቅቱ አንዳቸውም ሙስሊም አልነበሩም። እኛ እየበላን ዘመዶቻችን እንዴት ይራባሉ ብለው በድፍረት ተነሱ።

ሙጥዒም ከዚህም በላይ አድርጓል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጣኢፍ በድንጋይ ተወግረው ሲመለሱ መካ ለመግባት ከለላ አስፈለጋቸው። ሌሎች ሲያመነቱ ሙጥዒም ልጆቹን አስታጥቆ በካዕባ ቆመና ከለላ ሰጣቸው። እሱ ሳያምን ሞተ። በበድር (እ.ኤ.አ. 624) ሰባ ያህል ምርኮኞች በተያዙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለነዚህ ሰዎች ቢያናግራቸው ኖሮ ለእሱ ሲሉ እንደሚለቋቸው ተናገሩ። የሞተ ሙሽሪክ ውለታ በድል ቀን ታወሰ። ይህን ሐዲስ ያስተላለፈው የሙጥዒም ልጅ ጁበይር ነው፤ በኋላ ሰልሟል።

በሂጅራ ጊዜም ነቢዩንና (ሰ.ዐ.ወ) አቡ በክርን (ረ.ዐ) በረሃውን ያሻገራቸው መንገድ መሪ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። ግመሎቻቸውን አስረክበውት በሦስተኛው ቀን ሠውር ዋሻ እንዲያመጣላቸው ቀጠሩት። በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ የመቶ ግመል ወሮታ ተነግሮ ነበር። አፉን ቢከፍት ኖሮ ሀብታም ይሆን ነበር፤ አልከፈተም።

የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች ቅርብ ነው። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ናት፤ ፍትሑ የማይጓደል ንጉሥ ስለተባለው ነጃሺ ሰፊውን ዘገባ ያገኘነውም ከእሷ ነው። ወደ መዲና መሰደድ ሲጀመር ዘመዶቿ ከባሏ ነጠሏት፤ የባሏ ዘመዶችም ልጇን ወሰዱባት። ከአንድ ዓመት ገደማ ለቅሶ በኋላ ሲለቋት ልጇን አቅፋ በግመል ብቻዋን ወጣች። ተንዒም ላይ ዑስማን ኢብኑ ጦልሓ አገኛት፤ ያኔ ሙሽሪክ ነው። ብቻዋን መሆኗን ሲያውቅ አልተዋትም። የግመሏን ልጓም ይዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ መራት። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን አንበርክኮ ፈቀቅ ይላል፤ ስትወርድ ግመሉን ከዛፍ ያስርና ራቅ ብሎ በሌላ ዛፍ ሥር ይተኛል። ቁባእ ሲደርሱ ባልሽ እዚህ መንደር ነው ብሏት ወደ መካ ተመለሰ። እሷም ከእሱ የከበረ የጉዞ ባልደረባ አይታ እንደማታውቅ መስክራለች።

እንግዲህ "ኢማን የሌለው ሰው አደራ አይጠብቅም፣ ደግነቱ ሁሉ የይምሰል ነው" የሚለው መልስ ከገዛ ሲራችን ጋር ይጋጫል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወታቸውን አደራ የሰጡት ሰው ሙስሊም አልነበረም።

ስንጥቁ የት ነው?

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ያው ሙሩአ ሴት ልጅን ከነሕይወቷ ከመቅበር ሁሉንም አላገደም። ባሪያ ሲገረፍ ዝም ይል ነበር። እንግዳን የሚያበላው ሰው በማግስቱ ለአንድ ግመል ሲል ጎረቤት ጎሳን ይወርራል። ለምን?

ሁለት ሰዎችን እንይ። የመጀመሪያው ቅድም ያነሳነው አቡል በኽተሪ ነው። በበድር ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያንን ውል ስላፈረሰ እንዳይገደል አዘው ነበር። ያገኘው ሶሐባ ይህን ሲነግረው አብሮት ያለው ጓደኛውም ይተርፍ እንደሆነ ጠየቀ። እንደማይተርፍ ሲነገረው የመካ ሴቶች ነፍሱን ወድዶ ጓደኛውን ተወ እንዳይሉት ሲል ተዋግቶ ሞተ። ጀግንነት ነው፤ ታማኝነት ነው። ግን የተናገረውን እንስማ፤ የፈራው የሰውን ወሬ ነው።

ሁለተኛው አቡ ሱፍያን ነው። ከመስለሙ በፊት በሻም ምድር የሮሙ ንጉሥ ሂረቅል አስጠርቶ ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀው። ባልደረቦቹ ከኋላው ቆመዋል። አቡ ሱፍያን በኋላ ሲናገር፣ ባልደረቦቹ ዋሸ ብለው እንዳያወሩበት አፍሮ እንጂ ይዋሽ እንደነበር አልደበቀም። ጠላቱን የሚጎዳበት ትልቅ አጋጣሚ ነበር፤ ግን እውነቱን ተናገረ። ሐፍረት ውሸትን አገደ። ጥሩ ነው! ሆኖም ከኋላው የቆመ ሰው ባይኖርስ?

የሙሩአ ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው። መልካምነቱ የቆመው በሰው ዓይን ላይ ነው። ሰው የሚያየውንና የሚያመሰግነውን መልካም ይሠራል፤ ማንም የማያየውን፣ ወይም ሁሉም ሰው የለመደውን በደል ግን የሚያስቆም ኃይል አነሰው። ሕፃኗን መቅበር የተለመደ በሆነበት ቦታ ነውር አይሆንም፤ ነውር ካልሆነ ደግሞ ሙሩአ ዝም ይላል። ኢስላም የመጣው ሙሩአን ሊያፈርስ ሳይሆን መሠረቱን ከሰው ዓይን ወደ አላህ ዓይን ሊያዛውር ነው። ያኔ የተቀበረችው ሕፃን ራሷ በምን ወንጀል እንደተገደለች የምትጠየቅበት ቀን እንዳለ ተነገረ።

ሌላም ስንጥቅ አለ። የመናዊው ነጋዴ አዝ-ዙበይርን አገኘ። ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ያላገኙትስ? ተራራ ላይ ለመውጣት አቅም ያጡትስ? በዚህ ዓለም ፍርድ ሳያዩ የሞቱ የተበደሉ ሰዎች ቁጥር ስፍር የለውም። ያለ መጨረሻው ቀን የእነዚህ ሰዎች ፋይል ተዘግቶ ይቀራል።

የዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ነገርም እዚህ ላይ ይነሳል። የቃል ኪዳኑ ቤት ባለቤት ነው፤ ድሃ አብይ በመሆኑ የታወቀ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የጎሳዋ ሰው በመሆኑ ይህ ሥራው ይጠቅመው እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው አይጠቅመውም አሏት፤ ምክንያቱም በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በፍርዱ ቀን ኃጢአቱን እንዲምረው ጌታውን አልለመነም። መልሱ ይከብዳል፤ ልናለሳልሰውም አንሞክርም። ልብ እንበል፤ ደግነቱ ሐሰት ነው አልተባለም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ለሰው ሁሉ እጁን የዘረጋው ሰው ወደ ፈጣሪው እጁን አልዘረጋም።

በአንጻሩ የኸዲጃ (ረ.ዐ) የወንድም ልጅ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም በጃሂሊያ ዘመን መቶ ባሪያ ነፃ ያወጣ፣ መቶ ግመል ለድሃ የሰጠ ሰው ነው። በእገዳው ዘመንም ለአክስቱ እህል ያሾልክ ነበር። ከሰለመ በኋላ ያ ሁሉ ምን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ካለፈው መልካም ሥራው ጋር እንደሰለመ ነገሩት። ሐኪምም ያንኑ ያህል በኢስላም ደገመው፤ ሌላ መቶ ነፃ አወጣ፣ ሌላ መቶ ግመል ሰጠ። ኢስላም ያለፈውን ደግነት አልሰረዘበትም፤ አተረፈለት።

ዑለማዎቻችን ጥያቄውን አልፈሩትም

አንዳንድ ወጣቶቻችን "ያለ ሃይማኖት ሥነ ምግባር" የሚለው ርዕስ ከምዕራቡ ዓለም የመጣ አዲስ ፈተና ይመስላቸዋል። ከሺህ ዓመት በፊት በባስራ፣ በባግዳድና በሰመርቀንድ ሐለቃዎች የተከራከሩበት ነገር ነው።

ሙዕተዚላዎች ሐቅና ፍትሕ መልካም፣ ውሸትና በደል መጥፎ መሆናቸውን ዐቅል ያለ ወሕይ ያውቃል አሉ። በ324 ዓ.ሂ. አካባቢ የሞቱት ኢማም አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ከእነሱ ተለይተው፣ አንድ ሥራ ምንዳ ወይም ቅጣት የሚያስገኝ መሆኑ የሚታወቀው በሸሪዓ ብቻ ነው አሉ። በ333 ዓ.ሂ. የሞቱት የሰመርቀንዱ ኢማም አቡ መንሱር አል-ማቱሪዲ ዐቅል የብዙ ነገሮችን መልካምነትና መጥፎነት ይደርስበታል፤ ዝርዝሩን ግን ወሕይ ይገልጠዋል አሉ። በ728 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢብኑ ተይሚያ ደግሞ ሰው በፊጥራውና በዐቅሉ መልካምና መጥፎን ይለያል፤ ቅጣት ግን መልእክተኛ ሳይላክ አይኖርም ብለዋል።

ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) "አል-ሙስተስፋ" በተባለው የኡሱል መጽሐፋቸው አንድ ምሳሌ ያነሳሉ። ሃይማኖት የሌለው፣ ምንዳም ምስጋናም የማይጠብቅ ሰው ሌላው ሊጠፋ ሲል ቢያይ ሊያድነው ይሻል። ለምን? ኢማሙ ሊክዱት አልሞከሩም። የሰው ልጅ ለመሰሉ ይራራል፤ ራሱን በዚያ ሰው ቦታ አድርጎ ያስባል፤ ማንም ባያድነኝ ምን ይሰማኛል ይላል ብለው አስረዱ። የወንድማችን የሥራ ባልደረባ ኪራይ ሲከፍልለት ልቡ ውስጥ የነበረው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የኢማሙ ክርክር ይህ ርኅራኄ ብቻውን ግዴታ ሊሆን አይችልም የሚል ነው፤ ለሚመስለን እንራራለን፣ የማይመስለንን ግን እንረሳለን።

በዐቅል ብቻ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል የሞከሩም ነበሩ። ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ (እ.ኤ.አ. በ925 አካባቢ የሞተው) ስለ ነፍስ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ ቁጣን፣ ምቀኝነትን፣ ስስትንና ውሸትን እንደ በሽታ እያነሳ መድኃኒታቸው ዐቅልን በስሜት ላይ ማንገሥ ነው ይላል። በነቢይነት ላይ የነበረውን አቋም ዑለማዎች አጥብቀው ተችተዋል፤ ያ መጽሐፍ ግን ጠፍቶ አልቀረም። ሚስከወይህ (እ.ኤ.አ. በ1030 የሞተው) "ተህዚቡል አኽላቅ" የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፍ ጀግንነት በፍርሃትና በእብሪት መካከል፣ ለጋስነትም በስስትና በብክነት መካከል ይገኛል የሚለውን የአሪስቶትል ትምህርት ተጠቅሟል።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው የአንዳሉሲያው ሐኪም የኢብኑ ጡፈይል (እ.ኤ.አ. በ1185 የሞተው) "ሐይ ኢብኑ የቅዟን" የተባለ ድርሰት ነው። ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ ነው። መምህርም መጽሐፍም የለውም። በማየትና በማሰብ ብቻ ፈጣሪ እንዳለ ይደርስበታል። ከዚያ ለራሱ ሕግ ያወጣል፦ ከሚያስፈልገው በላይ አይበላም፤ ፍሬ ሲበላ ዘሩን ይጠብቃል፤ ጥላ የከለላት ተክል ካየ ጥላውን ያነሳላታል፤ የተጠመደ እንስሳ ካገኘ ይፈታዋል፤ የተጠማውን ያጠጣል። ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1671 ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ተነበበ። ሆኖም ታሪኩ መጨረሻ ላይ ሐይ ሰዎች ወዳሉበት ደሴት ሄዶ የደረሰበትን ሊያስተምር ሲሞክር አልተሳካለትም። ብዙው ሰው በማሰላሰል ብቻ እንደማይኖር፣ ሕግ፣ ጀማዓና የዘወትር ማስታወሻ እንደሚያስፈልገው ተረዳ። ይቅርታ ጠይቋቸው ወደ ደሴቱ ተመለሰ።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የምንይዛቸው ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ደግነት ከማንም ይምጣ ደግነት ነው። የሙጥዒምን ውለታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካልካዱ እኛ የጎረቤታችንን የምንክድበት ምክንያት የለም። የሰውን ፍጻሜ መፍረድ ደግሞ የእኛ ሥራ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ ራሳቸው የኢስላም ጥሪ ያልደረሳቸው፣ ወይም የተዛባ ወሬ ብቻ የደረሳቸው ሰዎች ይቅር እንደሚባሉ ጽፈዋል። ምናልባት ያ የብየዳ ቤት ልጅ ስለ ኢስላም ያወቀው አሠሪውን አይቶ ይሆናል! ይህ ቢሆን ማን ይጠየቅበታል?

ሁለተኛ፣ ዒባዳ የሥነ ምግባር ምትክ አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አል-ቁድሲይ አላህ በቂያማ ቀን ተከራካሪያቸው ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ካሠራ በኋላ ደሞዙን የከለከለ ነው። እዚያ ላይ "ካልሰገደ" የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም። የሚሰግደው አሠሪም ተከራካሪው አላህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሌላው መልካምነት የእኛን ኢማን ትርፍ አያደርገውም። አንድ ሰው ያለ መብራት መንገዱን ስላገኘ መብራት ከንቱ ነው አይባልም። ሐይ በደሴቱ አገኘው፤ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም በጃሂሊያ አገኘው። ሐኪም ግን ሲያምን መልካምነቱ የሚያርፍበት ቤት አገኘ፤ ማንም ባያየው የሚያይ፣ ቢሳሳት የሚምር፣ ጩኸቱ ያልተሰማለትን የሚሰማ ጌታ አገኘ።

የቃል ኪዳኑ የመጨረሻ ጥሪ

ሒልፉል ፉዱል ሌላም ታሪክ አለው። በሙዓዊያ ዘመን የመዲና አስተዳዳሪ የነበረው አል-ወሊድ ኢብኑ ዑትባ ነው። በእሱና በሑሰይን ኢብኑ ዐሊ (ረ.ዐ) መካከል ዙል መርዋ በተባለ ቦታ ባለ ንብረት ክርክር ተነሳ። አስተዳዳሪው በሥልጣኑ ተጫነ። ሑሰይንም መብታቸው ካልተጠበቀ ሰይፋቸውን ይዘው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ቆመው በሒልፉል ፉዱል እንደሚጣሩ አስጠነቀቁ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ይህን ሲሰሙ ቢጠሩ መብታቸው እስኪመለስ ወይም አብረው እስኪሞቱ እንደሚቆሙ ተናገሩ። ከበኑ ዙህራና ከበኑ ተይም የሆኑ ሰዎችም ያንኑ አሉ። አስተዳዳሪው ይህን ሲሰማ የሑሰይንን መብት መለሰ። በሙሽሪኮች ዘመን የታሰረ ቃል በመስጂድ ውስጥ ዘጠኝ አስርት ዓመታት ያህል ቆይቶ ሠራ።

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። በመልእክቱ ውስጥ ያላልነው አንድ ነገር አለ። የአሠሪው ጠባይ በጀማዓው የተደበቀ አይደለም። ሌሎች ሠራተኞችም ከዚያ ቤት ደሞዛቸው ተይዞ ወጥተዋል፤ አብረዋቸው የሚሰግዱት ያውቃሉ። "የእኛ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ይነሳል" ብለው ዝም ብለዋል። አሕላፎች የዝምታቸው ምክንያት ይኸው ነበር፤ አል-ዓስ የእነሱ ሰው ነው። እኛም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለንም። እንዲህ ያለውን አሠሪ የማናውቅ ከመካከላችን ማን ነው?

ለወንድማችን የመለስንለት ይህ ነው። የባልደረባህን ብር እንዳገኘህ ቀድመህ መልስ፤ ውለታውንም በሰው ፊት ተናገር። የሠራህባቸውን ቀናት ጻፍ፤ ምስክር ያዝ። ከዚያ በሰፈርህ ካሉ ሽማግሌዎችና ከመስጂዱ ኮሚቴ ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ካስፈለገህ ከእኛም አብሮህ የሚሄድ አለ። ካልሆነም የሠራተኛ መብት በሕግ የሚታይበት ቦታ አለና እዚያ ድረስ አብረን እንሄዳለን።

መልሱ ትናንት ማታ ደረሰን። እሺ ብሏል፤ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። ብሩን ያበደረው ልጅም "እኔም ምስክር እሆናለሁ፤ አብሬህ እሄዳለሁ" ብሎታል። ከመስጂዱ ጀማዓ እስካሁን አብሮ ለመሄድ ስሙን የሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ ገና ቀናት አሉ።

ወላሁ አዕለም። ወሰለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ።